«እናትም አባትም የለውም» ስለተባለው ተማሪ

ላሊበላ፤ ጥቅምት 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

«ገብረመስቀል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። እናትም አባትም የለውም። የበግ ቆዳ ደርቦ በላሊበላ ጎዳናዎች ከቤት ቤት እየለመነ ይኖር ነበር። ይህንንም የከተማው ነዋሪና የቀድሞ መምህር አቶ እሱባለው ዘውገ አረጋግጠውልናል። ዛሬ ግን ገብረመስቀል በአዲስ አበባ ማረፊያችን በንጹሕ አልጋ ላይ ይተኛል። አዲስ ቤተሰብም እየጠበቀው ነው።»

ፍሬ፤

ከላይ ያለው የእኔ ቃል አይደለም። ማኅበራችሁ «የብርሃን ደጃፍ» በመስከረም ባሳተመው መጽሔት፣ በአማርኛው ገጽ ላይ፣ ከፎቶግራፍ ጋር የወጣ ነው። በፖስታ የላክሽልኝም አንቺው ነሽ፤ «ጋሼ፣ ስምዎ ወጥቷልና ደስ ይበልዎ» የሚል ማስታወሻ አያይዘሽ። እንዳገኘሁት ገለበጥኩት፤ አንድ ነጥብ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ሰላምታውን አልረሳሁም። እንዴት ከርመሻል? የበርገን ዝናብ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። ዓለምእሸት ጉልበቷን ያማታል፤ «ሰላም በልልኝ» ብላሻለች። የላስታ ጻድቃን በሄድሽበት ሁሉ አይለዩሽ። አያቶቻችን እህትና ወንድም ናቸው፤ ስለዚህ የምቆጣሽ እንደ ባዳ አይደለም። እንደ ማኅበሩ ሰብሳቢ ግን እጠይቅሻለሁ።

ገብረመስቀል የጎዳና ልጅ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ነው። ከነአኩቶ ለአብ ወረድ ብሎ ባለው መንደር፣ የኔታ ቃለሕይወት ዘንድ ዳዊት ደግሞ የዜማውን ጾመ ድጓ የጀመረ ልጅ ነው። የሚያድረውም ከስድስት ጓደኞቹ ጋር በገዛ እጃቸው በሠሯት ጎጆ ነው። የደረበው ቆዳ ደበሎ ይባላል፤ የተማሪ ልብስ ነው። የእናንተ ሰዎች ካሜራቸውን ደግነው የችግር ማስረጃ አደረጉት። ይለምናል ወይ? አዎ፣ ይለምናል። ተማሪ ለምኖ ነው የሚማረው። አባቱ አሥር በሬ ያለውም ይለምናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ደጃፍ ቆሞ በእመቤታችን ስም ሲለምን ዓለምእሸት እንጀራ ታወጣለት ነበር፤ እሱም መርቋት ይሄድ ነበር። አንቺ የላስታ ልጅ ነሽ፤ ይህን ለኖርዌጂያኖቹ ማስረዳት ሲገባሽ እኔ ለአንቺ ማስረዳቴ ያናድደኛል።

«እናትም አባትም የለውም» የሚለውን ከየት አመጣችሁት? ከልጁ አፍ እንደሆነ እገምታለሁ። እዚህ አገር ተማሪን ወላጅ አለህ ወይ ብለሽ ብትጠይቂው «የለኝም» ይልሻል። አብዛኛው ከቤቱ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አለኝ ካለ አንድ ቀን አባቱ ዱላ ይዞ ይመጣና ወደ ማሳው ይመልሰዋል። ስለዚህ አገሩን ይደብቃል፣ የቤት ስሙን ትቶ በክርስትና ስሙ ይጠራል፣ ወላጆቹን በአፉ ይቀብራል። ይህን የሚያውቅ ሁሉ ተማሪን ስለ ወላጁ አይጠይቅም። ካልጠየቀ ደግሞ አይጽፍም።

ልጁ እንዴት አዲስ አበባ እንደገባም ልንገርሽ፤ መጽሔታችሁ ዘሎታልና። እግሩ ላይ አልድን ያለ ቁስል ነበረበት። የማኅበራችሁ ሠራተኛ ምስጋኑ በነሐሴ መጨረሻ መጥቶ የኔታን «ለሕክምና ወስጄ በሁለት ሳምንት እመልሰዋለሁ» አላቸው። የኔታ አመኑት። ይኸው ሁለተኛ ወሩ። የኔታ ትናንት መንገድ ላይ አግኝተውኝ «መምህር፣ ያ ልጅ ምን ሆነ? ዜማው ተቋረጠበት እኮ» አሉኝ። መጽሔቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ማውጣት አፈርኩ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን «አረጋግጠውልናል» የምትለዋ ናት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አላረጋገጥኩም። በሐምሌ እንግዶቻችሁ ሲመጡ ሁለት ቀን ሙሉ በነጻ አስተረጎምኩ፤ ያንን አደረግሁ፣ ሌላ አላደረግሁም።

ደግሞ በጎውን ሳልናገር አላልፍም። ከመዘገባችኋቸው አሥራ አራት ልጆች አሥራ ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፤ መርዳታችሁ ትክክል ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው የማትጠፋው ፋና ትምህርት ቤት ገብታለች። የገለቴ ልጆች ቁርስ እየበሉ ይውላሉ፤ እሷም ከመንገድ ዳር ተነሥታ ቤት ተከራይታለች። ይህን ያደረገ እጅ ይባረክ። አሥራ አራተኛውን ግን ከትምህርቱ ነጥቃችሁታል።

ሦስት ነገር በጽሑፍ መልሽልኝ፤ ልጁ መቼ ይመለሳል? ማስተካከያው በመጽሔቱ መቼ ይወጣል? «አዲስ ቤተሰብ» የተባለውስ ማን ነው? ስልክ አትደውዪ። ስልክ ላይ የተባለ ነገር በኋላ አልተባለም ይባላል።

እሱባለው ዘውገ


በርገን፤ ኅዳር 22 ቀን 1998 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ እሱባለው፤

የጌታችን ጸጋና ሰላም በቤትዎ ይሁን። እትዬ ዓለምእሸትን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ፤ ከመንገደኛ ጋር ቅባት ልኬላቸዋለሁ፣ ጠዋትና ማታ ይሹበት። እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ከቀትር በኋላ መጨለም ጀምሯል፤ ከሆስፒታል ሥራዬ ስወጣ መንገዱ መብራት በመብራት ነው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመምህር ፊት የቆምኩ መሰለኝ። ጋሼ፣ ስላስከፋሁዎ ይቅርታ። ጽሑፉን ያዘጋጀው ምስጋኑ ነው። እኔ ከኖርዌጂያንኛው ጋር አመሳክሬ አሳለፍኩት እንጂ አንዳች ክፋት አላሰብንበትም። «ወላጅ አልባ» የሚለው ቃል እዚህ ሰፋ ያለ ነው፤ የሚንከባከበው የሌለውን ልጅ ሁሉ ይጠቀልላል።

ልጁ እጅግ ደኅና ነው። እግሩ ድኗል። ምስጋኑ በላከልኝ ፎቶ ላይ ብስክሌት ይዞ ይስቃል። ሦስት ኪሎ ጨምሯል፤ ጠዋት ጠዋት በመስኮት በኩል ቆሞ ያዜማል አሉኝ። ቁስሉን ያየችው ሐኪም ወራት ቢቆይ አጥንቱን ይበላው እንደነበር ተናግራለች። ይህንንም እንዲያስቡት እለምንዎታለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ፤ በርገን ያለው የወንጌላውያን ጉባኤያችን ለፈረንጆች ገና የቀን መቁጠሪያ እያዘጋጀ ነው። የተማሪዎቹን ጎጆ፣ ቢቻል ልጆቹ ከፊቱ ተቀምጠው፣ ፎቶ አስነሥተው ቢልኩልኝ። የፋናንም ቢጨምሩ ደስታችን ነው። የአገሩንም ወሬ ይጻፉልኝ፤ ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነው?

ለሥራ ስለምቸኩል እዚህ ላይ አቆማለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ።

ልጅዎ ፍሬ


ላሊበላ፤ ታኅሣሥ 24 ቀን 1998 ዓ.ም.

ፍሬ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ቅባቱ ደርሷል፤ ዓለምእሸት ተሻላት፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጅ ውለጂ» ብላሻለች። ገብሱ መካከለኛ ነው። ፎቶ አልልክም።

ሦስት ጥያቄ ጠይቄሽ ነበር። ብስክሌት፣ ኪሎና መስኮት መለሽልኝ። የትኛውም ጥያቄዬ ውስጥ ብስክሌት አልነበረም። በእኔ ክፍል ቢሆን ኖሮ ወረቀትሽን «ጥያቄውን አንብቢ» ብዬ እመልስልሽ ነበር። ወላጅ አልባ የሚለው ቃል በርገን ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰፋ አላውቅም፤ እዚህ ግን ወላጁ የሞተበት ማለት ነው። እግሩን ስላዳናችሁት አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው። ሐኪም የሰው እግር ሲያድን ግን ሰውየውን አያስቀርም።

አሁን የሆነውን ስሚ።

ባለፈው ማክሰኞ ከተማው በገና ተሳላሚ እየሞላ ሳለ አንዲት ሴት ከደጃፌ ቆመች። ጋቢዋን አጥብቃ ታጥቃለች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ነው።

«የመምር እሱባለው ቤት ይሄ ነው?»

«ነው፤ ግቢ።»

«አልገባም። አንቱ ነዎት ልጄን ያስጻፉት?»

ዓለምእሸት ከውስጥ ሰምታ «ኧረ ነፋስ ነው፣ ግቢ እቴ!» አለቻት።

«ተገባሁ እበላለሁ፤ ተበላሁ ደግሞ መጣላት አልችልም። እኔ የመጣሁ ልጣላ ነው።»

አሰለች ትባላለች። ከኮን ነው የመጣችው፤ እስከ ጋሸና በእግሯ፣ ከጋሸና ወዲህ በጭነት መኪና። ልጇ ሞላ ይባላል፤ ሞላ ውዱ። ገብረመስቀል የክርስትና ስሙ ነው። አባቱ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ልጁ ልማር ሲል እሷ «አባትህ በሞተ ማግስት አንተም ልትሄድ?» ብላ ከለከለችው። በጥምቀት ማግስት ከመንገደኛ ተማሪዎች ጋር ጠፋ። በየደብሩ አስጠየቀች። በቅርቡ የአገሯ ሰው የሆነ አንድ ትልቅ ተማሪ ወደ ኮን ሲመለስ «ሞላን ነአኩቶ ለአብ አካባቢ አይቼው ነበር» አላት። ሁለቱን ታናናሽ ሕፃናት ለእህቷ ትታ ተነሣች። የኔታ ቃለሕይወት ዘንድ ስትደርስ ጎጆው ውስጥ የልጇ መደብ ባዶ ነው። የኔታም የሚያውቁትን ነግረዋት «እሱባለው ዘንድ ሂጂ፣ ስሙ ወረቀቱ ላይ አለ» ብለው ላኳት። ዜናው እሳቸው ዘንድ ደርሷል ማለት ነው።

መጽሔቱን አወጣሁላት። ፎቶውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ወፍሯል» አለች። ቆይታም «ጠጉሩን ማን ላጨው?»

ከዚያ ጽሑፉን እንዳነብላት ጠየቀች። መዝለል እችል ነበር፤ አልዘለልኩም። «እናትም አባትም የለውም» ስል ዓለምእሸት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሴትዮዋ ግን አላለቀሰችም።

«የአባቱስ ልክ ነው» አለች። «እኔን መቼ ቀበራችሁኝ?»

ለዚህ መልስ ካለሽ ጻፊልኝ፤ አነብላታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሕፃናቱ ተመለሰች። «ሲመጣ ንገሩኝ» ብላኝ ሄደች፤ ሲመጣ ነው ያለችው፣ ከመጣ አላለችም። ስለዚህ ጥያቄዎቼ ወደ አንድ ዝቅ ብለዋል። «አዲስ ቤተሰብ» ማለት ልጁን ወደ ባሕር ማዶ በጉዲፈቻ መስጠት ማለት ነው ወይስ አይደለም? ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው። የሃይማኖትሽን ነገር አልጠይቅሽም፤ እሱ በአንቺና በፈጣሪ መካከል ነው። ይህ ግን በአንቺና በዚች ሴት መካከል ነው።

መልካም የልደት በዓል ይሁንልሽ።

እሱባለው ዘውገ


በርገን፤ የካቲት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጋሼ እሱባለው፤

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ። ስለ ዘገየሁ አይቀየሙኝ። አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት።

ጥያቄዎ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚል ነበር። አዎ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም አስተማሪዎች፣ ከጉባኤያችን። ስድስት ዓመት ጠብቀዋል። ክፍሉን ቀለም ቀብተውለታል። ሴትዮዋ አማርኛ ልትማር ከእኔ ዘንድ ትመጣለች፤ «ደኅና አደርክ?» ማለት ችላለች። ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ያልነገርኩዎ እንደሚቆጡ ስላወቅሁ ነው። ፈርቼዎ ነው እንጂ ላታልልዎ አይደለም።

ነገር ግን ጋሼ፣ «ለማንም አላረጋገጥኩም» ብለውኛል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ቅጂ አያይዣለሁ። የአሥራ አራት ልጆች ዝርዝር ነው። ከላይ «ወላጅ አልባና ረዳት የሌላቸው ሕፃናት» ይላል። ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት ገብረመስቀል ነው፤ በስሙ ትይዩ «እናት፦ የለችም፤ አባት፦ የለም» ተብሏል። ከታች «ከላይ የተዘረዘረውን አውቃለሁ» ከሚለው ሥር ያለውን ፊርማ እርስዎ ይዩት። እኔ ከመጀመሪያው ደብዳቤዎ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ «ዘ»ዋን እንደዚያ አድርጎ የሚጥላት ሌላ ሰው የለም።

ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከደጅዎ ይቆም ነበር ብለውኛል። ስንት ቅዳሜ? እግሩ ሲያነክስ አላዩትም? የተማሪ ወላጅ አይጠየቅም አሉኝ። ቁስልም አይጠየቅም? እኔ የላስታን ወግ ረስቼ ይሆናል። ምስጋኑ ግን ወግ ስላላወቀ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ።

አንድ ነገር ልጻፍና ልጨርስ፤ በቃል ብንገናኝ አልናገረውም ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። መጠለያው ውስጥ እናቴ ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ። አንዲት ነርስ እጄን ይዛ ደሴ ሕፃናት ማሳደጊያ አስገባችኝ፤ ስሜን ጠየቀችኝ፣ ጻፈች። እዚያ ስምንት ዓመት ኖርኩ። እሑድ የዘመድ መጠየቂያ ነበር። የሌሎቹ ዘመድ ይመጣል፤ እኔ መስኮቱ ላይ ሆኜ እቆጥራለሁ። እርስዎ ያን ጊዜ ወልድያ መምህር ነበሩ፤ ደሴ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እኔን ወረቀት ነው ያሳደገኝ ጋሼ። ስለዚህ «ወረቀቱ ስህተት ነው» ሲሉኝ ለማመን ያስቸግረኛል። እናት ነኝ ብላ የምትመጣ ሴት እናት መሆኗን ማን ያውቃል? ሁለት ዓመት የት ነበረች?

ጉዳዩ አዲስ አበባ ባሉ በሚመለከታቸው እጅ ነው። ይጸልዩልኝ።

ፍሬ


ላሊበላ፤ መጋቢት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ፍሬ፤

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ቅጂውን አየሁት። ፊርማው የእኔ ነው።

ሐምሌ ነበር። እንግዶቹ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሄዱ ሻንጣቸው ተጭኗል፣ የመኪናው ሞተር ተነሥቷል፣ ዝናቡ ሊጥል ነው። ምስጋኑ ወረቀቱን በመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋልኝ። ከተራ ቁጥር አንድ ጀምሬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ፋና፣ የገለቴ ልጆች፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ዘጠነኛው ላይ ጠብታ ወረደ፤ ምስጋኑ «ጋሼ፣ ቀለሙ ሊፈስ ነው» አለኝ። ፈረምኩ። ከዘጠኝ በታች አላነበብኩም። ሠላሳ ዓመት ተማሪዎቼን «ሳታነቡ አትፈርሙ» እያልኩ አስተማርኩ፤ ስለ አንዲት የጎደለች ፊደል ነጥብ የቀነስኩባቸው ልጆች ዛሬ ቀበሌ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቢሰሙ ምን ይሉኝ? የወረቀቱንም ርእስ አላነበብኩም። በጥቅምት «አላረጋገጥኩም» ብዬ የጻፍኩልሽ ዋሽቼ ሳይሆን ያነበብኩትን ብቻ አስታውሼ ነው። ለአንቺ ግን ውጤቱ አንድ ነው። ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

እግሩንም አይቼው ነበር። ሲያነክስ አይቼ «ተማሪ ነው፣ ውሻ ነክሶት ይሆናል» ብዬ አለፍኩ። በዚህም ልክ ነሽ።

አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ። ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ ወደ ኮን መልእክት ላክሁ። አሰለች መጣች። ቀበሌዋ ልጁ ልጇ መሆኑን በማኅተም ጽፎላታል፤ ክርስትና ያነሡት ቄስም ፈርመዋል። ከእሷ ጋር ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘን አዲስ አበባ ገባን። ማረፊያው በር ላይ ምስጋኑ ራሱ ተቀበለን፤ ደኅና ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም።

«ሞላ የሚባል ልጅ የለንም» አላት መዝገቡን እያየ።

«ገብረመስቀል ማለቷ ነው» አልኩት።

«ገብረመስቀልማ እናት የለውም፣ ጋሼ።»

«ይቺስ ማን ናት?»

«እሳቸው ፋይሉ ላይ የሉም።»

አሰለች ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «አንተ ልጅ፣ እኔ ፋይል ላይ ነው እንዴ የወለድኩት?»

ልጁን አስጠራው። ቀይ ማሊያና ነጭ ጫማ አድርጎ እየሮጠ መጣ፤ ሲያያት በሩ ላይ ደረቀ። እሷም አልተነሣችም። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት እርምጃ ተራርቀው የሚተያዩ እናትና ልጅ አይቼ አላውቅም።

«ሞልዬ።»

«ልትወስጂኝ ነው?» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ልወስድህ ነው።»

«ኮን አልሄድም። የኔታ ዘንድ ነው የምሄድ።»

ምስጋኑ ጣልቃ ገባ። «ኖርዌይስ? አውሮፕላን፣ ትልቅ ትምህርት ቤት፣ ያልንህ?»

ልጁ ከልቡ አሰበበት። «እዚያ ጾመ ድጓ የሚያስተምር መምህር አለ?»

ምስጋኑ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን ልበለው? የለም አልኩት።

«እንግዲያ ምን ላደርግ እሄዳለሁ?»

ከዚያ ምስጋኑ የሚገባውን ጥያቄ ጠየቀው፤ ስንመዘግብህ ለምን የለኝም አልክ አለው። «ታውቅብኛለች ብዬ» አለ፤ «አውቃ መጥታ ታስወጣኛለች ብዬ።» አሰለች ይህን ስትሰማ ጋቢዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። ስትገልጠው ድምፅዋ ደኅና ነበር።

«እሺ። የኔታ ዘንድ ሁን። ለፋሲካ ግን ኮን ትመጣለህ።»

«እመጣለሁ።»

«ማል።»

«ተማሪ አይምልም።»

ሳቀች። ልጁም ሳቀ፤ ያን ጊዜ ነው ሮጦ ጉያዋ የገባው። እናት መሆኗን ማን ያውቃል ብለሽኛል፤ ይኸው አወቅሽ። ሁለት ዓመት የት ነበረች ብለሽኛል፤ ከዳውንት እስከ ቡግና በየደብሩ ስትጠይቅ ነበረች።

ይዘነው እንዳንወጣ ግን ምስጋኑ ከለከለን። እንባውን እየጠረገ ነው የከለከለን። «ጋሼ፣ እኔ ሠራተኛ ነኝ። ፋይሉ ፍርድ ቤት ገብቷል፤ ቀጠሮው ሚያዝያ 30 ነው። ሰብሳቢዋ በፊርማዋ ካላነሣችው በቀር ልጁን መስጠት አልችልም» አለ። ቀጠሮ መኖሩን ከእሱ ነው የሰማሁት። አንቺ «በሚመለከታቸው እጅ ነው» ብለሽኝ ነበር። የሚመለከታቸው አንቺ ነሽ። ልጁን ጊቢው ውስጥ ትተን፣ እናቱ በአጥሩ ቀዳዳ እያየችው፣ ተመለስን።

ስለ ሰባ ሰባት። ወልድያ ነበርኩ፤ አልመጣሁም። የእናትሽ ቤት ሁሉ አልቋል ብለው ነገሩኝ፤ ማን ቆጠረ ብዬ አልጠየቅሁም። ደመወዝ እየበላሁ፣ ክፍል ውስጥ የዝናብ መጠን ካርታ እየሳልኩ፣ እውነት ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ። ከስምንት ዓመት በኋላ ደሴ መኖርሽን ስሰማ ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፤ ያንንም ለመጻፍ ወር ፈጀብኝ። ምክንያት የለኝም። ምክንያት አለኝ ብልሽ ሁለተኛ ወንጀል ይሆንብኛል። ነርሷን እግዚአብሔር ያክብራት።

አንቺ ግን ያን መስኮት እያየሽ ይህን ፋይል ትፈርሚያለሽ? ለአንቺ እሑድ የሚመጣ አልነበረም፤ ወረቀቱ እውነቱን ተናገረ። ለዚህ ልጅ መጥተውለታል። በጭነት መኪና፣ በእግር፣ በአውቶቡስ፣ ሁለት ጊዜ መጥተውለታል። ባልና ሚስቱን አልረግማቸውም፤ አዝንላቸዋለሁ። ክፍሉን የቀቡት ለሌለ ልጅ ነው ብለሽ አንቺው ንገሪያቸው፤ በኖርዌጂያንኛ ጨዋ አድርገሽ መንገር ትችያለሽ።

እኔ የበኩሌን አድርጌአለሁ። ተራ ቁጥር አሥራ ሁለትን በሚመለከት ምስክርነቴን ማንሣቴን፣ ያነሣሁትም ሳላነብ ስለ ፈረምኩ መሆኑን ገልጬ፣ ለፍርድ ቤቱና ለማረፊያው በሁለት ቅጂ አስገብቻለሁ። ግልባጩ ከዚህ ጋር ተያይዟል። እንደ ሰብሳቢ የምትጽፊው ከዚህ የበለጠ ሊሆን አይገባም፦ «ገብረመስቀል በሚል ስም የተመዘገበው የሞላ ውዱ እናት ወይዘሮ አሰለች በሕይወት አሉ። ማኅበራችን ስለ እርሱ ያቀረበውን ማመልከቻ አንሥቷል። ልጁ ለእናቱ ይሰጥ።» ቀን፣ ማኅተም፣ ሙሉ ስም፣ ፊርማ። «ሰፋ ያለ» የሚል ቃል እንዳታስገቢበት። ከመፈረምሽ በፊት ሦስቱንም ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ዋናው አዲስ አበባ ለምስጋኑ፣ ግልባጩ ለእኔ ይድረስ። ፖስታው ይዘገያል ብለሽ ከፈራሽ ከሚመጣ ሰው ጋር ላኪው፤ በስልክ የተነገረኝን ግን አልቀበልም። የማትጽፊም ከሆነ አልጽፍም ብለሽ ጻፊ፤ እሱንም ለዳኛው ይዤ እቀርባለሁ።

መልስሽን በጽሑፍ፣ እስከ ሚያዝያ 20 ቀን 1998 ዓ.ም. እጠብቃለሁ።

እሱባለው ዘውገ